ጠበቃዋ የኔአለምና የሚካኤል ማግስት

ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን አንዲት ሰማያዊ በር ያላት ክፍል አለች። የጠበቃ የኔአለም ቢሮ እሷ ናት። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የግድግዳ ካሌንደር አለ፤ ሌላ ብዙም የለ። ውጭ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ አግዳሚ ነው።

አግዳሚው ማክሰኞ ባዶውን ይውላል፤ ለሚካኤል ይሞላል። ለምን ቢሉ፣ ገበሬ በአዘቦት ቀን በሬውን አቁሞ ጠበቃ ዘንድ አይመጣም። በዓል ሲሆን ግን ሞፈር አይነካ፣ እርፍ አይጨብጥ። ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ መኪና ይሳፈርና «እስቲ ጉዳዬ የት ደረሰ» ብሎ ከች ይላል። ከጉንደ ወይን ይመጣል። ከዲማ ይመጣል። ከደጀን ይመጣል። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት!

የኔአለም ደግሞ ሰው መመለስ አይሆንላትም። እንዴትስ ብላ ትመልስ? ጎህ ሳይቀድ በእግሩ ወጥቶ፣ አስፋልት ደርሶ፣ በመኪና ተጨናንቆ የመጣን ሰው «ሌላ ቀን ና» ማለት አንደበቷ እሺ አይላትም። ሰውየውም ገብቶ ሲቀመጥ ጉዳዩን ከጉዳዩ አይጀምርም። ከአያቱ ነው የሚጀምር። «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ፣ አያቴ ሁለት ሚስት ነበረው…» ይላል። ጉዳዩ አንድ ክንድ የማትሞላ የድንበር ግፊት ናት። የኔአለም እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና ታዳምጣለች። ምሳ ዕቃዋ ከጠረጴዛው ሥር እንደተቋጠረ ይቀዘቅዛል፣ ማታም እንደተቋጠረ ወደ ቤት ይመለሳል።

ጎረቤቷ አቶ ገብረ ኪዳን በሥራው የሸበቱ ጠበቃ ናቸው። ቀጠሯቸው ሁሉ በአጀንዳ ነው፣ በራቸውም ሲዘጋ ይዘጋል። አንድ ቀን በመስኮቷ ብቅ አሉና፣

«አንቺ ልጅ፣ ጠበቃ ነሽ ወይስ የነፍስ አባት?» አሏት።

«ምን ላድርግ ጋሼ? እያዩት።»

«አጀንዳ ያዢ! ሰዓትም ለጥፊ! ከዚህ እስከዚህ ነው የምቀበለው በይ።»

ለጠፈች። «ባለጉዳይ የምንቀበለው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው» ብላ በትልቁ ጻፈች። ማንበብ የማይችለው ገብቶ «ልጄ፣ ይቺ በሩ ላይ ያለች ወረቀት ምን ትላለች?» ይላታል። ታነብለታለች። «ደግ ብላለች» ይልና ተቀምጦ ከአያቱ ይጀምራል። ማንበብ የሚችለው ደግሞ «ይሄ መቼም ለሌላው ሰው ነው» እያለ ይገባል። በኋላ ዝናብ ወረቀቷን አራሳት፣ ወደቀች፣ ማንም አልጠየቃት።

ከባለጉዳዮቿ ሁሉ የኔአለምን እንቅልፍ የሚነሷት እማማ ታየች ናቸው። እማማ ታየች የደጀን ሰው ናቸው፣ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ባል እንደሞተ የባል ወንድም አቶ ባዘዘው «መሬቱን እኩል አርስልሻለሁ፣ ምርቱን እንካፈላለን» ብሎ ገባ። አንድ ሁለት ክረምት አካፈለ። ከዚያ በኋላ መሬቱ የኔ ነው አለ፤ አለቀ። ውሉ ሲነገር የነበሩት አባ አምባዬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላ ምስክር የለም።

ታዲያ እማማ ታየች ሌላ ቦታ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ አግዳሚውን ሁሉ ቆሎ እያዘገኑ ያስቁታል። ባዘዘው ፊት ሲቆሙ ግን አፋቸው ይተሳሰራል። ባለፈው የምስክር ቀን የኔአለምን በሯ ላይ አንድ ሰው ይዟት፣ ከአያቱ ጀምሮባት፣ መኪናው አመለጣትና ደጀን ዘግይታ ደረሰች። እማማ ታየች ችሎት ላይ ብቻቸውን ቆመው «ምስክርዎን ይጠይቁ» ሲባሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። ዳኛው አዘኑላቸውና «ለመጨረሻ ጊዜ» ብለው ሌላ ቀን ሰጡ። ያን ቀን ምስክሩ በሥርዓት ካልተሰማ ባለው ማስረጃ እንወስናለን አሉ። ባለው ማስረጃ ከተወሰነ መሬቱ የባዘዘው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ደጅ ነው፣ ዘንድሮ ያልያዙት መሬት ደግሞ ከርሞም አይገኝ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ግንቦት ፲፫ ነበር። ከችሎት ሲወጡ እማማ ታየች «መቼ ነው ልጄ?» ቢሏት የኔአለም «የሚካኤል ማግስት» አለቻቸው። ለሳቸው እንዲገባቸው ነው። እየሮጠች መኪና ስለተሳፈረች ቢሮ ስገባ ካሌንደሩ ላይ እጽፈዋለሁ ብላ ነበር። ቢሮ ስትገባ አግዳሚው ሞልቶ ጠበቃት። በቃ፣ ቀጠሮው የሚካኤል ማግስት ሆኖ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀረ።

ወዲያው በሳምንቱ የእህል ነጋዴው የአቶ ባምላክ ጉዳይ እዚሁ ማርቆስ ተቀጠረ። ለተከሰሰበት መልስ የሚያቀርብበት ቀን ነው። የኔአለም ካሌንደሩን አየች። ፲፫ ባዶ ነው። «አቶ ባምላክ» ብላ ጻፈችበት። እንዲህ ነው የሆነው። አንዱ ቀን ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ ስም ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ስም ጭንቅላት ውስጥ፣ ሁለቱም እየኖሩ ሳይተዋወቁ ከረሙ።

የተዋወቁት በሚካኤል ዕለት ነው። አግዳሚው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ ቦታ ያጣው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስልኳ ጮኸ። እማማ ታየች ናቸው።

«የኔአለሜ፣ እንኳን ለሚካኤል አደረሰሽ! አባ አምባዬን ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ። አንቺም በጊዜ ነይልኝ እንግዲህ።»

«የት… መቼ እማማ?»

«ኧረ ምን ነካሽ፣ ነገ ነዋ! የሚካኤል ማግስት አይደል ያልሽኝ?»

የኔአለም ዓይኗን ወደ ካሌንደሩ መለሰች። ፲፫። አቶ ባምላክ። ሦስት ሰዓት። ደጀንም ሦስት ሰዓት።  «እሺ እማማ፣ እመጣለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዴት እንደምትመጣ ግን አታውቅም።

ሮጣ አቶ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ጊዜ አለዎት?»

ነገሩን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ነገ ችሎት አለኝ። አጀንዳ ያዢ ስልሽ!»

«አሁን መቆጣቱን ይተዉትና ምን ይሻለኛል?»

አቶ ገብረ ኪዳን መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሁለቱ አንቺን የሚፈልግሽ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ነዋ!»

«ሁለቱም ጠበቃ ይፈልጋሉ። እኔ የምልሽ የአንቺን አፍ የሚፈልገው የትኛው ነው?»

 ይሄኔ ለየኔአለም እንደ መብረቅ ብልጭ አለላት። የአቶ ባምላክ የነገ ጉዳይ ወረቀት ማስረከብ ነው! መልሱን ጽፋ ከሰጠችው ራሱ ቆሞ ያስረክባል፣ ቀጠሮ ተቀብሎ ይወጣል። የደጀኑ ግን ምስክር መጠየቅ ነው። እሱን ወረቀት አይሠራውም። እስከ ዛሬ ሁሉም ቦታ ራሷ ካልቆመች ሥራ የተሠራ አይመስላትም ነበር።

ግን መልሱ ገና አልተጻፈም። አግዳሚው ደግሞ ሞልቷል።

በሩ ላይ ቆመች። «ወገኖቼ» አለች። «ዛሬ ማንንም አላስተናግድም።»

 የጉንደ ወይኑ የሺዋስ ብድግ አለ። የሺዋስ ረጅም ነው፣ ድምፁም እንደ ቁመቱ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ነገ ሁለት ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩ አንዲት ባልቴት መሬታቸውን ያጣሉ።»

«የማን መሬት?»

«የደጀኗ፣ የእማማ ታየች።»

«ያቺ ቆሎ የምታዘግነን?» አለች የብርጓል፣ የዲማዋ። «ያቺ አለባበሴን አይታ ለሠርግ ነው ወይስ ለፍርድ ቤት የመጣሽው ያለችኝ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያስቆምሻል? ግቢና ጻፊ እንጂ!»

የኔአለም ልትገባ ዞረች፣ ግን እግሯ አልሄደም። ሰው መመለስ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ደስታም ድንጋጤም ነገር ያዛትና ተመልሳ ዞረች።

«አንድ ነገር ደግሞ ልበላችሁ! ከእንግዲህ ሁላችሁም ለሚካኤል አትምጡብኝ። በዓሉን በየአገራችሁ ተካፈሉ። አቦ አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ…»

ኧረ ጫጫታው!

«እኛ ጉንደ ወይኖች ማርያምን ይዘናል!» አለ የሺዋስ።

«ማን ሰጠህ?» አለች የብርጓል። «ማርያምን ለብቻህ ልትወስዳት ነው?»

«አንቺ ጊዮርጊስን ያዢ። ዲማ ጊዮርጊስ አይደል አገርሽ?»

«አንተ ደግሞ! ጊዮርጊስማ ደብራችን ነው፣ ታቦት ትተን፣ እንግዳ ትተን ጠበቃ ቤት እንመጣለን? ሰው ምን ይለናል? አቦን ስጡን።»

«አቦን ውሰዱ። ሚካኤል ለማን ይሁን?»

«ለደጀኖች ይሁን፣ ዛሬም ከሁሉ የበዙት እነሱ ናቸው።»

የኔአለም እጇን አነሳች። «ሌላም አለ። ስትመጡ ከአያታችሁ አትጀምሩ። ከተጣላችሁበት ቀን ጀምሩልኝ።»

የሺዋስ አኮረፈ። «አያቴን ካልነገርኩሽ ነገሩ እንዴት ይገባሻል?»

«አያትህን አውቃቸዋለሁ። ሁለት ሚስት ነበራቸው።»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። የሺዋስ ራሱ ሳቀ። እሷ ገብታ በሩን ዘጋች። በሩን ቀን ሳለ ስትዘጋው የመጀመሪያዋ ነው። ውጭ ኪዳነ ምሕረትን ማን ይያዝ እያሉ ሲከራከሩ መሸና መኪና አለፋቸው፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት አደረ።

መልሱን ጽፋ ስትጨርስ አቶ ባምላክን ጠራችው። ይህ ነው ያስፈራት። ሰውየው ኩሩ ነው፣ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«እኔ ብቻዬን? ዳኛ ፊት?» አለ።

«መልሱ ይኸውልህ። ስምህ ሲጠራ ትነሳለህ፣ ጠበቃዬ የጻፈችው መልስ ይኸው ትላለህ፣ ታስረክባለህ፣ ቀጠሮ ትቀበላለህ።»

«ከዚያስ?»

«ዝም ትላለህ።»

«ዝም?»

«ዝም።»

«ከሳሹ ቢሰድበኝስ?»

«ዝም!»

አቶ ባምላክ ላቡን ጠረገ። ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደ ታቦት ይዞት ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ የኔአለም መናኸሪያ ደረሰች። የደጀን ሚኒባስ ቆሟል፣ ሰው ግን የለውም። ለበዓል ከመጣው የሚበዛው ማታውን ሄዷል። ረዳቱ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ «ሳይሞላ አንነቃነቅም እህቴ» አላት።  ባለፈውም ያዘገያት መኪና ማጣት ነው!

ይሄኔ ከወዲያ ያ ድምፅ መጣ። የሺዋስ ነው። ወደ ጉንደ ወይን የሚሄደው በደጀን ነው።

«ጠበቃችን! እስካሁን እዚህ ነሽ?»

«አልሞላም አሉ!»

«አልሞላም?» የሺዋስ ጋቢውን ትከሻው ላይ ወረወረ፤ ረዳቱን ገፋ አደረገና «ደጀን! ደጀን! ደጀን! አስቸኳይ ነው፣ የባልቴት መሬት ነው!» ብሎ መናኸሪያውን አናጋው። ረዳቱ «ኧረ ሥራዬን!» ይላል፣ ማን ሰምቶት። የብርጓል የዲማዎቹን እየጎተተች መጣች። አንዱ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ተጎተተ። ሻይ ሻጯ ከኋላ «ብርጭቆዬን!» እያለች ትሮጣለች። ሞላ! ሚኒባሱ ሞልቶ፣ አልፎም ሞልቶ፣ ተነሳ።

መንገድ ላይ ማንም ከየኔአለም ጋር አላወራም። ጥያቄዎቿን እያሰበች እንደሆነ ገብቷቸዋል። የሺዋስ ብቻ አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ ነበር፣ የብርጓል በክርኗ ጎሸመችው። ሉማሜን አለፉ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊታቸው እየተጎተተ አላሳልፍ አለ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋበት፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ላይ «እለፈው! እለፈው!» ሲል፣ ቀጥ ያለው መንገድ ተገኘና አለፈው። እልልታ ሆነ፣ እንደ ሠርግ።

ደጀን ፍርድ ቤት ግቢ ባዘዘው ግራር ሥር ቆሟል። እማማ ታየች አባ አምባዬን በክንዳቸው ይዘው ከበሩ አጠገብ ናቸው። ባዘዘው ጮክ ብሎ፣

«ጠበቃሽ ዛሬም ማርቆስ ቁርሷን እየበላች ይሆናል» አላቸው።

 የእማማ ታየች ዓይን መንገዱ ላይ ነው። ችሎት አስከባሪው ወጣና «ታየችና ባዘዘው!» ብሎ ተጣራ። ገቡ። እማማ ታየች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዳኛው «የከሳሽ ጠበቃ ቀርባለች?» ሲሉ በሩ ተከፈተ። የኔአለም ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ካባዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ የአንድ ሚኒባስ ሰው ተከትሎ ገብቶ አግዳሚውን ሞላው።

«ቀርቤያለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት!»

ዳኛው ተከትሏት የገባውን ሰው አዩና «እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው?» አሉ።

«የለም፣ ተሳፋሪዎች ናቸው።»

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል አለፉት።

አባ አምባዬ ማሉና ቆሙ። የኔአለም ጠየቀች።

«አቶ ባዘዘው መሬቱን ሲይዝ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሚካኤል ደጀ ሰላም።»

«ምን ሲል ሰሙት?»

«የወንድሜ ሚስት አቅም የላት፣ በሬ የላት፣ እኩል አርስላታለሁ አለ። አደራ ብለን አስጨበጥነው።»

«መሬቱ የማን ነው አለ?»

ሽማግሌው ወደ ባዘዘው ዞሩ። «የሟች ወንድሜ ቤት መሬት ነው አለ። አላልክም ባዘዘው? ሚካኤል ፊት እኮ ነው።»

ባዘዘው መሬት መሬት አየ። ዳኛው ጻፉ። የኔአለም ሌላ ጥያቄ ነበራት፣ ተወችው። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል!

ከችሎት ሲወጡ እማማ ታየች አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ስልኳ ጮኸ። አቶ ባምላክ ነው፣ እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«ጠበቃዬ! አስረከብኩ! ቀጠሮም ተቀበልኩ!»

«ዝም አልክ?»

«ዝም! ከሳሼ ምን ያላለው አለ፣ እኔ ዝም! ዳኛው ራሳቸው የሚሉት አለ ወይ አሉኝ። ምን ብል ጥሩ ነው?»

የኔአለም ዓይኗን ጨፈነች። «ምን አልክ?»

«ጠበቃዬ ዝም በል ብላኛለች አልኩ። ችሎቱ ሁሉ ሳቀ!»

ውሳኔው በሰኔ ወጣ፤ መሬቱ ለእማማ ታየች ተመለሰ። ዝናቡ ሳያልፍ አሳረሱት። በሬ ያጡ እንዳይመስላችሁ፣ የባዘዘው ልጆች ናቸው አፍረው የአባታቸውን በሬ ይዘው የመጡት።

አግዳሚው አሁን ሌላ ነው። የአቦ ዕለት ዲማዎች፣ የማርያም ዕለት ጉንደ ወይኖች፣ የሚካኤል ዕለት ደጀኖች ይቀመጡበታል። አልፎ አልፎ ቀን የሚሳሳት ይመጣል፤ የኔአለም ሳትነሳ አግዳሚው ራሱ «ቀንህ አይደለም!» ብሎ ይመልሰዋል። አያት የሚጀምር ሲኖር ደግሞ ከውጭ በመስኮት «ከተጣላህበት ጀምር!» ይሉታል። አቶ ገብረ ኪዳን አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጊዮርጊስን የያዘ አለ እንዴ? እኔም ዘንድ ሰው በዝቷል» ብለው ጠየቋት።

በሐምሌ ሚካኤል እማማ ታየች ከሰው ጋር ተራ ይዘው ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ገቡ። በአንድ እጃቸው ትንሽ ጀሪካን፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል።

«እማማ! ምን ጉዳይ ገጠመዎት ደግሞ?»

«ምንም ጉዳይ የለኝ።»

ከውጭ አንዱ ሰማና «ጉዳይ ከሌላት ትውጣ እንጂ፣ እኛ አለን!» አለ።

እማማ ታየች ወደ በሩ ዞሩ። «ተራዬ ነው! እንዳሻኝ አደርገዋለሁ!» ብለው በሩን ዘጉት። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ያልተፈታውን ምሳ ዕቃ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ከጀሪካኑ እርጎ ቀዱ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ የየኔአለምን እስክሪብቶ ከእጇ ወሰዱባት።

«በይ ብዪ» አሏት። «ይቺ ሰዓት የኔ ናት። እስክትጠግቢ ማንም አይገባም።»

የኔአለም መስኮቱን አየች። ሰው አለ። ልትነሳ ስትል እማማ ታየች ወንበራቸውን በሩ ላይ ጎተቱና ተደግፈውት ተቀመጡ። ከውጭ መጀመሪያ ማጉረምረም ነበር፣ ከዚያ አንዲት ሴት «ተዉ፣ ትብላበት!» አለች፣ ዝም አሉ። የኔአለም ቆረሰች። እርጎው ቀዝቃዛ ነው፣ ዳቦው ገና ይሞቃል። እማማ ታየች በሩን ተደግፈው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እያዩዋት፣

«እንግዲህ እየበላሽ ስሚኝ» አሉ። «አያቴ ሁለት ባል ነበራት…»